ፍሎሬስ፦ ተራራውና ባሕሩ ተያይዘው የሚኖሩባት የኢንዶኔዢያ ደሴት

ፍሎሬስ በካርታ ላይ ስትታይ ቀላል ትመስላለች። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋች ቀጭን ደሴት ናት፤ ርዝመቷ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ስፋቷ እንደየቦታው ከ12 እስከ 70 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ይሁን እንጂ ከምዕራቡ ወደብ ከላቡዋን ባጆ ተነሥቶ በምሥራቅ ጫፍ እስካለችው ላራንቱካ በመኪና የሚጓዝ ሰው 700 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ይጠብቀዋል። አውራ ጎዳናው እሳተ ገሞራዎቹን እየዞረ፣ ወደ ባሕሩ ወርዶ እንደገና ወደ ደጋው እየወጣ ስለሚሄድ፣ የአየሩ መሥመር በምድር ላይ እጥፍ ይሆናል።

ስለ ፍሎሬስ በዓለም ዙሪያ የሚነገረው አብዛኛው ነገር የባሕር ዳሯን የሚመለከት ነው፦ የኮሞዶ ግዙፍ እንሽላሊቶች፣ ኮራል፣ የመዝናኛ ጀልባዎች። ከሕዝቡ ብዙው ግን የሚኖረው ከባሕሩ ከፍ ብሎ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ቡናና ሥራ ሥር እያመረተ ነው። እኔ እስከማየው ድረስ ይህችን ደሴት ለመረዳት ትልቁ እንቅፋት ሁለቱን ለያይቶ ማየት ነው፤ የባሕር ዳሩ ኑሮ ከላይ በሚወርደው ውኃና እህል ላይ፣ የተራራው ኑሮም ከታች በሚወጣው ዓሣ፣ ጨውና ገንዘብ ላይ የቆመ በመሆኑ፣ በአንዱ ላይ የተወሰነ ውሳኔ ሁሉ ሌላውን ይነካል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ቀኖች፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ምድሩና ዝናቡ

ደሴቲቱ የምሥራቅ ኑሳ ተንጋራ ክፍለ ሀገር አካል ናት። የክፍለ ሀገሩ መቀመጫ ኩፓንግ የሚገኘው በፍሎሬስ ላይ ሳይሆን ከባሕሩ ማዶ በቲሞር ደሴት ላይ ነው። ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋው የፍሎሬስ ሕዝብ በስምንት አውራጃዎች ተከፋፍሎ ይተዳደራል፤ ሦስቱ በምዕራብ የማንጋራይን ሕዝብ የያዙ ሲሆኑ፣ ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ንጋዳ፣ ናጌኬዮ፣ ኤንዴ፣ ሲካና ምሥራቅ ፍሎሬስ ይከተላሉ። የአውራጃዎቹ ወሰን በአመዛኙ የቋንቋም ወሰን ነው። የማንጋራይ ተናጋሪ የሲካን ቋንቋ አይሰማም፤ ሁለቱ የሚግባቡት በብሔራዊው ቋንቋ በኢንዶኔዢያኛ ነው። ሸለቆው ጥልቅ፣ መንገዱ ረጅም በሆነበት አገር ቋንቋ እንዲህ ተለያይቶ ማደጉ አያስገርምም።

ተራሮቹን የፈጠራቸው ከደቡብ የሚመጣው የአውስትራሊያ የምድር ንጣፍ ከደሴቶቹ ሥር ዘልቆ መግባቱ ነው። ወደ ታች የሚወርደው ዐለት ከጥልቀት የሚያስነሣው ቅልጥ ድንጋይ በደሴቲቱ ርዝመት የእሳተ ገሞራ ሰንሰለት ሠርቷል። ከፍተኛው ጫፍ በማንጋራይ የሚገኘው ፖኮ ማንዳሳዉ 2,370 ሜትር ይደርሳል፤ በንጋዳ ያለው ኢኔሪዬ ደግሞ 2,245 ሜትር ነው። በኤንዴ አውራጃ በሊዮ ሕዝብ ምድር የሚገኘው ኬሊሙቱ 1,639 ሜትር ከፍታ ሲኖረው፣ አናቱ ላይ ያሉት ሦስት ሐይቆች በውኃቸው ውስጥ በሚገባው የእሳተ ገሞራ ጋዝና በተሟሟው ማዕድን ምክንያት ቀለማቸውን በየጊዜው ይለውጣሉ። የሊዮ ሰዎች የሙታን ነፍሳት ወደዚያ ይሄዳሉ ብለው ያምናሉ፤ አንደኛው ሐይቅ የሽማግሌዎች፣ ሁለተኛው የወጣቶች፣ ሦስተኛው የክፉዎች ማደሪያ ነው።

አገራችን ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ እያለች መሬቷን የምትለይበት ልማድ ፍሎሬስንም ለማስረዳት በትክክል ያገለግላል። ሩቴንግ ከተማ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ሌሊቷ ቀዝቃዛ፣ ጭጋጓ ወፍራም ነው፤ አትክልትና ቡና ይበቅልባታል። ከዚያ በጥቂት ሰዓት ጉዞ የሚደረስበት የሰሜኑ ጠረፍ ግን ሣሩ ለረጅም ወራት ቢጫ ሆኖ የሚቆይ ቆላ ነው። ዝናቡ በአመዛኙ ከኅዳር አጋማሽ እስከ መጋቢት ድረስ ከሰሜን ምዕራብ በሚነፍሰው ነፋስ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ከአውስትራሊያ በረሃ የሚነሣው ደረቅ ነፋስ ይተካዋል። በሰሜኑ ጠረፍ የምትገኘው ማውሜሬ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ስታገኝ፣ ሩቴንግ ከዚያ እጥፍ በላይ ይዘንብላታል። ወደ ምሥራቅ በተሄደ ቁጥርም ዝናቡ እየሳሳ ይሄዳል።

የዝናቡ ወቅት አንድ ብቻ በመሆኑ የገበሬው ዓመትም በአንድ ዕድል ላይ የተንጠለጠለ ነው። በቆሎና የተራራ ሩዝ የሚዘሩት የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ነው። ያለፈው ዓመት እህል አልቆ አዲሱ ገና ባልደረሰበት በጥርና በየካቲት አካባቢ የረኃብ ወቅት የሚባል ጊዜ አለ፤ ያኔ ካሳቫ፣ ጎደሬና ሙዝ ቤተሰቡን ይዘው ያሻግራሉ። በ2022 በተደረገው ብሔራዊ የሥነ ምግብ ጥናት በዚህ ክፍለ ሀገር ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 35.3 በመቶው ለዕድሜያቸው የሚጠበቀውን ቁመት ያላገኙ መሆናቸው ታውቋል፤ ይህም በዚያ ዓመት በአገሪቱ ከፍተኛው ነበር። ዓሣ በሞላበት ባሕር ዳርቻ፣ አረንጓዴ ከሆነ ተራራ ሥር ሕፃናት እንዲህ መጫጨታቸው የዚህን ምድር ጉዳይ በስሜት ሳይሆን በጥሞና እንድንመረምር ያስገድዳል። ምክንያቱ ምግብ በአጠቃላይ መጥፋቱ ብቻ አይደለም፤ በቆሎና ካሳቫ ሆድ ቢሞሉም ለሕፃን አካል የሚሆነውን ሁሉ አይሰጡም፤ ዓሣው ወደ ላይ፣ አትክልቱ ወደ ታች በወቅቱ የሚደርስበት መንገድና ገንዘብ ደግሞ ለሁሉም እኩል አይደለም።

መሬት የማን ነው?

ስለዚህ ክልል አንድ ነገር ብቻ እንዳስረዳ ብጠየቅ የምመርጠው የመሬት ሥርዓቱን ነው፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ ጋር የተሳሰረ ነውና።

በማንጋራይ ባህል የመንደሩ የጋራ መሬት ሊንግኮ ይባላል። ሊንግኮ ሲከፈል አስቀድሞ መካከሉ ላይ እንጨት ይተከላል፤ ያ ቦታ ሎዶክ ይባላል። ከዚያ መካከል ተነሥተው እስከ ዳር ድንበሩ የሚዘረጉ መሥመሮች ይሰመራሉ፤ የእያንዳንዱ ቤተሰብ ድርሻም በሁለት መሥመሮች መካከል የሚውለው ሾጣጣ መሬት ይሆናል፤ በመካከሉ ጠባብ፣ በዳሩ ሰፊ። የድርሻው ስፋት በመካከሉ ላይ በጣት ይለካል። አከፋፋዩ ቱአ ቴኖ የተባለው የመሬት ሽማግሌ ነው፤ የመንደሩን ጠቅላላ ጉዳይ የሚመራው ደግሞ ቱአ ጎሎ ይባላል። ከፍ ካለ ኮረብታ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው እርሻው ክብ የሸረሪት ድር ይመስላል። ከሩቴንግ ብዙም በማትርቀው በቻንቻር አጠገብ እንዲህ ያሉ እርሻዎች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ ዛሬ ብዙዎቹ በውኃ የተሞሉ የሩዝ ማሳዎች ሆነዋል።

ቅርጹ ለዓይን ማማሩ እውነት ነው፤ ፎቶግራፍ አንሺዎችም ለዚያ ሲሉ ይመጣሉ። ዋናው ቁም ነገር ግን የአከፋፈሉ ፍትሕ ነው። ተዳፋት በሆነ ምድር ላይ መሬቱ በአራት ማዕዘን ቢቆራረጥ አንዱ ውኃ ያለበትንና ለምለሙን፣ ሌላው ድንጋያማውን ይይዛል። ከመካከል ወደ ዳር ሲሰመር ግን ድርሻዎቹ ሁሉ ከአንድ ቦታ ይነሣሉ፣ ሁሉም እስከ ዳር ድንበሩ ይደርሳሉ። እርግጥ ነው፣ ድርሻው ለሁሉም እኩል አይደለም፤ የመንደሩ መሥራች ጎሣና ሽማግሌዎቹ ሰፋ ያለ ጣት ያገኛሉ። ቢሆንም የዕጣው ምንጭ ለሁሉም ግልጽ ነው፤ ማንም ሰው መብቱን የሚያገኘው ከመንደሩ የከበሮ ቤት፣ ማለትም ከምባሩ ጌንዳንግ፣ ጋር ባለው የዘር ሐረግ ነው። ማንጋራዮች ቤቱ በውስጥ፣ እርሻው በውጭ ብለው የሚደጋግሙት አባባል የከበሮ ቤትና ሊንግኮ የአንድ አካል ሁለት ክፍሎች መሆናቸውን ለማስገንዘብ ነው። የርስትን ሥርዓት የሚያውቅ አንባቢ ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል።

በንጋዳ አካባቢ ደግሞ ቤትና መሬት በብዛት በእናት ወገን ይተላለፋሉ፤ ልጁ የእናቱ ቤት ሰው ሆኖ ይቆጠራል። በምሥራቅ በላማሆሎት ሕዝብ ዘንድ የመሬት ጌታ የሚባለው ጎሣ መዝራትና ማጨድ የሚጀመርበትን ሥርዓት ይመራል። የእርሻ ሥራው በየአካባቢው በደቦ ይሠራል፤ በማንጋራይ ዶዶ፣ በላማሆሎት ገሞሂንግ ይሉታል።

በዚህ ላይ የመንግሥት ሕግ ተደረበ። የደች ቅኝ ገዢዎች በተራሮቹ አናት ላይ የደን ወሰን አስምረው ነበር፤ ነጻዋ ኢንዶኔዢያም ያንን ወሰን ወርሳ በኋላ አሰፋችው። መንደሮቹ ከዚያ ወሰን ውስጥ ያለው መሬት የአባቶቻችን ሊንግኮ ነው ሲሉ፣ የደን መሥሪያ ቤት ደግሞ የመንግሥት ደን ነው ይላል። ይህ ውዝግብ እጅግ በከፋ መልኩ የፈነዳው በማንጋራይ ደጋ በምትገኘው በኮሎል የቡና ገበሬዎች ላይ ነው። የአውራጃው አስተዳደር በደን ክልል ውስጥ ናቸው ያላቸውን የቡና ዛፎች ያስቆርጥ ጀመር፤ ገበሬዎችም ታሰሩ። መጋቢት 10 ቀን 2004 የታሰሩት እንዲለቀቁ ለመጠየቅ ወደ ሩቴንግ ፖሊስ ጣቢያ በሄደው ሕዝብ ላይ ፖሊስ ተኮሰ፤ 6 ሰዎች ሞቱ፣ ሌሎችም ቆሰሉ። ማንጋራዮች ቀኑን የደም ረቡዕ ብለው ያስቡታል።

የደን ጠባቂዎቹ ሥጋት ከንቱ እንዳልነበር መናገር ተገቢ ነው፤ የተራራው ደን ከተመነጠረ ምንጮቹ ይደርቃሉ፣ ናዳው ይበረታል፣ ከታች ያሉት የሌምቦርና የምባይ የመስኖ ሩዝ ሜዳዎችም ውኃ ያጣሉ። ነገር ግን ከጥላ ዛፍ ሥር የሚበቅል ቡና ከባዶ ተዳፋት ይልቅ አፈርን ይይዛል፤ ዛፎቹን የተከሉትም ከተራራው ሌላ መተዳደሪያ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። የተፈጥሮ ጥበቃ ገበሬውን በጠላትነት ካየ ጥበቃውም እንደማይጸና ኮሎል አሳይቷል።

ስለ ቡና ከተነሣ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልወድም። በንጋዳዋ ከተማ በባጃዋ ዙሪያ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚበቅለው አረቢካ የዘር መነሻው የኢትዮጵያ ደን ነው፤ ከእኛ ወደ የመን፣ ከዚያም በደች ነጋዴዎች እጅ በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወደ ጃቫ ተሻግሮ ኋላ እስከ ፍሎሬስ ደርሷል። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የባጃዋ ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ተደራጅተው ቀዩን ቡና ብቻ እየለቀሙ በጋራ ጣቢያ ማጠብ ጀምረዋል፤ የባጃዋ ስምም በሕግ የተጠበቀ የቦታ መለያ ሆኗል። የእኛ የይርጋጨፌና የሲዳማ ገበሬዎች የሚያውቁት ጥያቄ እዚያም አለ፦ ስሙ ከከበረ በኋላ ከክብሩ ለገበሬው ምን ያህል ይደርሰዋል?

ተዳፋቱን ለመያዝ የተደረገው ሙከራ

በሲካ አውራጃ የተፈጸመው ታሪክ ለተራራ አገር ሁሉ ትምህርት አለው። ምድሩ ደረቅና ገደላማ፣ እርሻውም በምንጣሮና በማቃጠል የሚካሄድ ስለነበር አፈሩ በየዝናቡ ወደ ባሕር ይታጠብ ነበር። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የካቶሊክ ካህናትና የአካባቢው ገበሬዎች ሉኪኒያ የተባለውን ፈጣን ዛፍ በተዳፋቱ ላይ በአግድም መሥመር ጥቅጥቅ አድርገው መትከል ጀመሩ። የሚንሸራተተው አፈር ከዛፉ መሥመር ኋላ እየተጠራቀመ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ራሱ እርከን ይሠራል፤ ቅጠሉ ለከብት መኖና ለማዳበሪያ፣ እንጨቱ ለማገዶ ይሆናል። ሙከራው ሲሠራ የአውራጃው መንግሥት ተቀብሎት በ1970ዎቹ በሰፊው ተስፋፋ፤ ጋራዎችም ለበሱ።

በ1986 ግን ሉኪኒያን ብቻ የሚያጠቃ ጥቃቅን ነፍሳት ከባሕር ማዶ ደርሶ ዛፎቹን ቅጠል አልባ አደረጋቸው። ብዙ ገበሬ ተስፋ ቆረጠ። ጉዳቱን የተቋቋሙት በመሥመሮቹ መካከል ካካዎ፣ ካሹ፣ ኮኮናትና ኬሚሪ የተባለውን ዘይታማ ፍሬ የተከሉ ነበሩ። ዛሬ በዚያ አካባቢ ገንዘብ የሚያስገኘው የዛፍ ሰብል በአብዛኛው ከዚያ ዘመን በኋላ የሰፋ ነው። ይህን ታሪክ የምወድበት ምክንያት ሁለቱንም ስለሚያሳይ ነው፤ በገበሬው ማሳ ላይ ተሞክሮ ያደገ ሐሳብ ምን ያህል እንደሚሠራ፣ በአንድ ዓይነት ዛፍ ላይ ብቻ መታመን ደግሞ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ።

ባሕር ዳሩና የሁለቱ ልውውጥ

የፍሎሬስ ሰው ለረጅም ዘመን ባሕሩን በጥርጣሬ ሲያይ ኖሯል። በጠረፉ ወባ ነበር፤ ባሪያ ፈንጋዮችም በጀልባ ይመጡ ነበር። ስለዚህ መንደሮቹ በሸንተረር ላይ ተቆረቆሩ። ባሕር ዳሩን የያዙት በብዛት ከሱላዌሲና ከሱምባዋ ደሴቶች የመጡት የቡጊስ፣ የባጆና የቢማ ሰዎች ናቸው፤ የቢማ ሱልጣንም ማንጋራይን ለረጅም ዘመን ሲያስገብር ቆይቷል። እስከ ዛሬም ጠረፉ ላይ የሙስሊም ዓሣ አጥማጆች መንደሮች፣ ከፍ ሲል ደግሞ የካቶሊክ ገበሬዎች መንደሮች የሚገኙት በዚሁ ታሪክ ምክንያት ነው። በኋላ የደች አስተዳደርና የኢንዶኔዢያ መንግሥት ብዙ መንደሮችን ከሸንተረሩ አውርደው በመንገድና በጠረፍ ዳር አሰፈሯቸው፤ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ቀረባቸው፣ ማሳቸው ግን ራቃቸው።

ሁለቱን ያገናኙት ገበያና ሴቶች ናቸው። ፓፓሌሌ የሚባሉት ቸርቻሪ ሴቶች ዓሣውን ከጠረፍ ወደ ላይ፣ ሙዙን፣ አትክልቱንና በቆሎውን ወደ ታች ያመላልሳሉ። ከፍሎሬስ በስተምሥራቅ ባለችው በሌምባታ ደሴት፣ በዉላንዶኒ ገበያ፣ ልውውጡ እስካሁን ያለ ገንዘብ ይካሄዳል፤ የተራራ ሴቶች በቆሎና ሙዝ፣ የጠረፍ ሴቶች የደረቀ ዓሣና ጨው ይዘው ይገናኛሉ። እዚያው አጠገብ ያለችው የላማሌራ መንደር ሰዎች በእንጨት ጀልባ ወጥተው ዓሣ ነባሪን በጦር የሚያድኑ ናቸው፤ ጦረኛው ላማፋ ይባላል፣ ከጀልባው ጫፍ ዘሎ በሰውነቱ ክብደት ጦሩን ይተክላል። ሥጋው በዘርና በጀልባው ድርሻ ተከፋፍሎ፣ ደርቆ፣ በተራራ እህል ይለወጣል። መንደሪቱ ለእርሻ የሚበቃ መሬት ስለሌላት የአደኑ ነገር ከእህል ነገር ተነጥሎ ሊታይ አይችልም፤ አደኑን የሚተቹትም የሚከላከሉትም ይህን ቢያስተውሉ ክርክሩ ይጠራ ነበር።

ሃይማኖቱ የመጣው ከባሕሩ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን የፖርቱጋል ዶሚኒካውያን መነኮሳት በሶሎር ደሴት ሰፍረው ከዚያ ወደ ላራንቱካ ተሻገሩ፤ በ1859 ፖርቱጋል ፍሎሬስን በውል ለደች ለቀቀች፤ ከ1910ዎቹ ጀምሮ ደግሞ የመለኮታዊ ቃል ማኅበር የተባለው የካቶሊክ ማኅበር ሚሲዮናውያን በደጋው ውስጥ ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን አስፋፉ። በላራንቱካ በየዓመቱ በስቅለት ዓርብ የእመቤታችን ምስል በሕዝብ ታጅቦ ይዞራል። አባቶቹ ያቆዩት ሥርዓትም ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ቀጥሏል። በአካባቢው እንደሚባለው ልማድ፣ ሃይማኖትና መንግሥት ሦስት ጉልቻ ናቸው፤ የመንደር ውሳኔ ድስቱ የሚቆመው በሦስቱ ላይ ነው። ስለዚህ ከአንዱ ጋር ብቻ የተፈራረመ ባለሥልጣን ወይም ኩባንያ ጉዳዩ ተጠናቀቀ ብሎ ካመነ ይሳሳታል።

ምድር ሲናወጥ

ታኅሣሥ 12 ቀን 1992 በፍሎሬስ ሰሜን ከባሕር በታች 7.8 የሚደርስ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነሣ። ሱናሚው በደቂቃዎች ውስጥ ጠረፉን መታ፤ በሪያንግክሮኮ መንደር ማዕበሉ የደረሰበት ከፍታ 26 ሜትር ሆኖ ተለክቷል። በጠቅላላው 2,500 ያህል ሰዎች ሞቱ ወይም ጠፉ። በተለይ ከሰሜኑ ጠረፍ አጠገብ ያለችው የባቢ ደሴት ነገር የባለሙያዎችን ትኩረት ስቧል። ደሴቲቱ ክብ ናት ለማለት ይቻላል፤ መንደሮቹም ማዕበሉ ከመጣበት አቅጣጫ በተቃራኒ፣ በተጠለለው የደቡብ ጎን ነበሩ። ይሁንና ማዕበሉ ደሴቲቱን በሁለቱም በኩል ዞሮ ከኋላ ስለ ተጋጠመ፣ መጠለያ የተባለው ወገን በውኃ ተውጦ መንደሮቹ ጠፉ፤ ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። የተረፉት በፍሎሬስ ጠረፍ በናንጋሃሌ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ዓሣ አጥማጅ ከባሕር ርቆ ሊኖር ስለማይችል አዲሱ መንደርም ባሕር ዳር ሆነ፤ ከማዕበል የሚያድነው ቤት ከኑሮው እንዳያርቀው ማድረግ እስከ ዛሬ ያልተፈታ የጠረፍ ሁሉ ችግር ነው።

ከተራራውም እንዲሁ አደጋ ይወርዳል። በምሥራቅ ፍሎሬስ የሌዎቶቢ መንትያ እሳተ ገሞራዎች ወንድና ሴት ተብለው ይጠራሉ። ወንዱ ሌዎቶቢ በኅዳር 2024 መጀመሪያ በሌሊት ፈንድቶ የጋለ ድንጋይና አመድ በመንደሮቹ ላይ አዘነበ፤ ቢያንስ 9 ሰዎች ሞቱ፣ በሺዎች የሚቆጠሩም ተፈናቀሉ። አመዱ በዚያው ወር ወደ ባሊ የሚደረጉ በረራዎችን እስከማሰረዝ ደረሰ፤ ዓለም ስለ ጉዳዩ የሰማውም በአብዛኛው በበረራዎቹ ምክንያት ነው። ተፈናቃዮቹ ግን የካካዎ፣ የካሹና የኮኮናት ዛፎቻቸውን ትተው የወጡ ሰዎች ናቸው። ሩዝ ያጣ ገበሬ በሚቀጥለው ዝናብ ይዘራል፤ ዛፍ ያጣ ግን ዓመታት መጠበቅ አለበት። የእሳተ ገሞራ አመድ አፈሩን የሚያለመልም መሆኑ ሰውን ደጋግሞ ወደዚያው ተዳፋት ይመልሰዋል።

ወደ ውጭ የሚሄዱና ወደ ውስጥ የሚመጡ

መሬቱ ሲጠብ ወጣቱ ይሰደዳል። ከምሥራቅ ፍሎሬስና ከሲካ ብዙ ሰው ለበርካታ አሥርት ዓመታት ወደ ማሌዢያዋ ሳባ ሄዶ በዘንባባ ዘይት እርሻና በግንባታ ሲሠራ ኖሯል፤ በርካቶች ያለ ሕጋዊ ሰነድ ይሄዳሉ። በመንደሩ የሚታየው የሲሚንቶ ቤት፣ የልጆች የትምህርት ክፍያ፣ አዲሱ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ የዚያ ገንዘብ ውጤት ነው። የእርሻውና የአረጋውያኑ ሸክም የሚወድቀው በቀሩት ሴቶች ላይ ነው። ልጆቹን ወደ ዐረብ አገር የላከ የኢትዮጵያ ገጠር ይህን ሁኔታ ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ከ2015 ጀምሮ መንግሥት በ2014ቱ የመንደር ሕግ መሠረት በየዓመቱ ለእያንዳንዱ መንደር በቀጥታ ገንዘብ ይልካል። የውስጥ መንገዶች፣ የውኃ ቧንቧዎችና የጤና ኬላዎች በዚህ ተሠርተዋል። እንደ እኔ እይታ ከትልልቅ ፕሮጀክቶች ሁሉ የሕዝቡን ኑሮ በእርግጥ የለወጠው ይኸው ነው፤ ወደ አንድ መንደር የሚገባ ጥርጊያ መንገድ የወለደች እናትን ከሐኪም፣ የታጠበ ቡናን ከገዢ ያገናኛል።

ትኩረት የምትስበው ግን ወደ ኮሞዶ መሄጃ በር የሆነችው ላቡዋን ባጆ ናት። የኮሞዶ ብሔራዊ ፓርክ በ1980 ተመሥርቶ በ1991 በዩኔስኮ ተመዘገበ፤ መንግሥት በቅርብ ዓመታት ከተማዋን ቅድሚያ ከሚሰጣቸው አምስት የቱሪዝም ቦታዎች አንዷ አድርጓታል፤ በግንቦት 2023ም የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች መሪዎች ተሰብስበውባታል። በ2022 የፓርኩ መግቢያ ዋጋ ወደ 3.75 ሚሊዮን ሩፒያ ከፍ እንዲል ሲታቀድ የአካባቢው አስጎብኚዎችና ጀልባ ነጂዎች ሥራ አቁመው ተቃወሙ፤ ዕቅዱም ወዲያው ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። በከተማዋ የመሬት ዋጋ ናረ፤ በጠረፉ ዳር ያለው መሬትም ከአካባቢው ቤተሰቦች እጅ እየወጣ ነው። ሆቴሎቹ የሚፈልጉትን አትክልት፣ እንቁላልና ዓሣ የማንጋራይ ደጋና ጠረፍ በመደበኛነት ማቅረብ ቢችሉ ጥቅሙ ወደ ላይ ይወጣ ነበር፤ ለዚያ ግን ማቀዝቀዣ፣ መኪናና በወቅቱ የሚከፍል ገዢ ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ እንደ ሆቴል ግንባታ በአንድ ውል የሚያልቅ ሥራ አይደለም።

አሁን ከሁሉ በላይ የሚያከራክረው ጉዳይ ከመሬት በታች ያለው እንፋሎት ነው። በ2017 የኢነርጂ ሚኒስቴር ፍሎሬስን የከርሰ ምድር እንፋሎት ደሴት ብሎ ሰየማት። ሐሳቡ በራሱ ምክንያታዊ ነው፤ ደሴቲቱ ኤሌክትሪክ የምታገኘው በአብዛኛው በመርከብ በሚመጣ ነዳጅና በድንጋይ ከሰል ሲሆን፣ ከተራሮቿ ሥር ግን የጋለ ውኃ አለ። በማንጋራይ የኡሉምቡ ጣቢያ ከ2012 ጀምሮ ኃይል ያመነጫል። ጣቢያውን ወደ ፖኮ ሌዮክ ለማስፋፋት ሲታቀድ ግን በርካታ መንደሮች ተቃወሙ፤ ሴቶች በመንገድ ላይ ቆመው መኪናዎችን አስቆሙ፤ በ2025ም የፍሎሬስ የካቶሊክ ጳጳሳት በደሴቲቱ የሚካሄደውን የእንፋሎት ቁፋሮ እንደማይደግፉ በይፋ አሳወቁ። ተቃዋሚዎቹ የሚያነሡት የጭሱንና የውኃውን ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቁፋሮው የሚካሄደው በሊንግኮ ላይ ነው፤ ሊንግኮ ደግሞ ከከበሮ ቤቱ፣ ከመቃብሩና ከምንጩ ተነጥሎ የሚሸጥ ቁራሽ መሬት አይደለም። ኩባንያው ካሳ የሚተምነው በካሬ ሜትር ሲሆን፣ መንደሩ የሚያስበው መሬቱ ከሄደ የዘር ሐረጉ በምን እንደሚታወቅ ነው። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው ንጹሕ ኃይል ያለ ቁፋሮ እንደማይገኝ፣ የጠረፉ ከተሞች መብራትና የዓሣ ማቀዝቀዣ እንደሚያስፈልጋቸው ይናገራሉ፤ ይህም እውነት ነው። እስካሁን የጎደለው፣ ኃይሉን የሚፈልገው ጠረፍና መሬቱን የሚሰጠው ተራራ ሁለቱም ተቀምጠው የሚነጋገሩበት፣ ቱአ ቴኖም እንደ መሐንዲሱ የሚደመጥበት ሸንጎ ነው፤ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ሊደረግ የሚገባው ይህ ንግግር በብዙ ቦታ የሚጀመረው ማሽኑ ከመንደር ደጃፍ ከደረሰ በኋላ ነው።